ውሃው የት ገባ?

ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ነው ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል የተነገረው በወንዝ ስለሚወርደው ውሃ ነው። በአፈር ውስጥ ስለሚሄደው ውሃ ግን ተረት የነገረን የለም፤ እርሱ ድምፅ የለውምና፥ ሲሄድም ማንም አያየውም። ከሰማይ የወረደው ዝናብ ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፥ ከፊሉ ተንኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል፥ ከፊሉ ደግሞ ወደ ታች ይሰርጋል። ሲሰርግም ብቻውን አይደለም። ጨውን፥ ማዳበሪያን፥ የተባይ መድኃኒትን፥ የበረት እጣቢን አሟሙቶ ይዞ ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የፈለግነው ስለዚህ ዝምተኛ መንገደኛ ነው።

እኛ ስንል የአፈርና የውሃ ትምህርት የምንከታተል አምስት ተማሪዎች ነን። የሕግ፥ የታሪክና የቋንቋ ተማሪ የሆናችሁ ጓደኞቻችን «ይህማ የእናንተ የጭቃ ነገር ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ እንላለን። በመኝታ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ጫማችን ስላራገፈው ጭቃ የደረሰብንን ስድብ ሁሉ ይቅር ብለናል፤ እናንተም በበኩላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልን። ነገሩ ወደ እናንተም እንደሚደርስ ቆይተን እናሳያለን።

ጥያቄው የተነሣው ከመጽሐፍ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በሞረትና ጅሩ ስንዴና ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር፥ ገበሬው ዋልካ የሚለው፥ ሰፊ ሜዳ አለ። በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናል ተብሎ ተገምቷል። እዚያ ለልምምድ በሄድን ጊዜ ማሳቸውን የፈቀዱልን አንድ ሽማግሌ ገበሬ መሣሪያችንን አንድ በአንድ ተመልክተው ሲያበቁ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፥ ይህንን ነጭ ማዳበሪያ በብድር እገዛለሁ፥ እበትናለሁ። ዝናብ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ስንዴዬ ቢጫ ይሆናል። ማዳበሪያው የት ገባ? ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም።» ምራታቸው ደግሞ እንስራዋን እንዳዘለች ቆማ ትሰማ ነበርና፥ ከማሳው ግርጌ ያለውን የእጅ ጉድጓድ በአገጯ እያመለከተች «ወደዚያ ገብቶ እንደሆነስ?» አለች። ጀርባዋ ላይ እንስራ፥ ቤቷ ውስጥ ደግሞ የሦስት ወር ሕፃን ነበራት።

አምስታችንም ዝም አልን። ፈተና ላይ ቢመጣ ቀመሩን እንጽፍ ነበር። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች የሚሆን መልስ ግን በኪሳችን አልነበረም።

ቀመሩ የመጣው ከወዲያ ማዶ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሄንሪ ዳርሲ የሚባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ለዲዦን ከተማ ንጹሕ ውሃ ያስገባ ሰው ነበር። ውሃን በአሸዋ ለማጥራት ምን ያህል አሸዋ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ሲል ረጅም የብረት በርሜል በአሸዋ ሞልቶ ውሃ እያሳለፈ ለካ። በ1856 ባሳተመው መጽሐፍም በአሸዋው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ከላይና ከታች ባለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ልክ እንደሚጨምር፥ በአሸዋው ርዝመት ልክ ደግሞ እንደሚቀንስ ገለጸ። ነገሩ ከዚህ የበለጠ አይደለም። ጠላ የምታጠል ሴት ሁሉ የምታውቀው ነው፤ ጨርቁ ከወፈረ ጠላው ይዘገያል፥ ከላይ ብዙ ካፈሰሱበት ይፈጥናል። የዳርሲ ሙያ የታወቀውን ነገር በቁጥር ማሰሩ ነው።

ሆኖም የዳርሲ አሸዋ በውሃ የተሞላ ነበር። የገበሬው ማሳ ግን በአብዛኛው ጊዜ እኩል ውሃ፥ እኩል አየር ነው። በ1907 በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ይሠራ የነበረው ኤድጋር በኪንግሃም እንዲህ ባለው አፈር ውስጥ ውሃ የሚሄደው ከእርጥቡ ወደ ደረቁ እየተሳበ መሆኑን፥ አፈሩ በደረቀ መጠንም መንገዱ እየጠበበ እንደሚሄድ አሳየ። የኩራዝ ክር ላምባን ወደ ላይ እንደሚስብ ማለት ነው። በ1931 ደግሞ ሎሬንዞ ሪቻርድስ ይህንን ሐሳብ የገባው ውሃና የወጣው ውሃ ልዩነት በአፈሩ ውስጥ መቅረት አለበት ከሚለው የሒሳብ ደንብ ጋር አጋብቶ አንድ ቀመር አወጣ። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠሩት የአፈር ውሃ ስሌቶች አብዛኞቹ የዚያ ቀመር ልጆች ናቸው።

በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ጉዞስ? ይህንን ለመረዳት የጥምቀትን ሕዝብ ማሰብ ይበቃል። ታቦቱን አጅቦ የሚሄደው ሕዝብ በጠቅላላው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛል። ነገር ግን አንዱ በመሀል መንገድ ይሮጣል፥ አንዱ በዳር ይጎተታል፤ ስለዚህ ሲነሣ የተጠጋጋው ሕዝብ ሲደርስ ረጅም ሰልፍ ሆኖ ይገኛል። ሌላው ደግሞ በየደጃፉ ወዳጅ እያገኘ ይቆማል። በአፈር ውስጥም እንዲሁ ነው። ከውሃው ጋር መሄድ አለ፥ መበታተን አለ፥ መያዝም አለ። የአፈር ደቃቅ ቅንጣት አሉታዊ ኃይል ስላላት አሞኒየምን ትይዘዋለች፤ አፈር ፎስፌትንም አጥብቆ ይይዘዋል። ናይትሬት ግን ራሱ አሉታዊ ነውና የሚይዘው ወዳጅ የለውም፤ ውሃው በሄደበት ሁሉ ይሄዳል። ገበሬው የሚበትነው ዩሪያም በእርጥብ አፈር ውስጥ በጥቂት ቀናት አሞኒየም፥ በጥቂት ሳምንታት ደግሞ ናይትሬት ይሆናል። የሽማግሌው ጥያቄ እንግዲህ የናይትሬት ጥያቄ ነው።

ምራቲቱ የፈራችውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በመጠጥ ውሃ ውስጥ ናይትሬት ሲበዛ፥ በተለይ ከስድስት ወር በታች ላሉና በዚያ ውሃ በተበጠበጠ ወተት ለሚያድጉ ሕፃናት፥ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ በወረቀት ላይ አሰላን። በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ውሃ ከሥር በታች ይወርዳል ብለን አሰብን። አፈሩ ከመቶ አርባ እጅ ውሃ ይይዛል ብንል፥ 200 ለ0.4 ሲካፈል 500 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አዲሱ ውሃ አሮጌውን እየገፋ በዓመት ግማሽ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። የጉድጓዱ ውሃ ያለው 6 ሜትር ላይ ነበርና ዘንድሮ የተበተነው ማዳበሪያ እዚያ ለመድረስ 12 ዓመት ይፈጅበታል። መጠኑንም አሰላን። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በአንድ ሄክታር ላይ ከተበተነው አንድ ኩንታል አሥረኛው እጅ ብቻ ቢታጠብ ወደ 20 ኪሎ ናይትሬት ይሆናል፤ ይህም በዚያ 200 ሚሊ ሜትር ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ነው። እኩሌታው ቢታጠብ ግን 50 ይደርሳል፥ ማለትም ልኩን ይነካል። እንግዲህ የሕፃኑ ነገር የተንጠለጠለው በሁለት ነገር ላይ ነበር፤ ስንት እጁ ይታጠባል፥ በየትኛው መንገድስ ይሄዳል።

ይህንን ወረቀት አይነግርም። በግንቦት መጨረሻ፥ ዋልካው ገና ተሰነጣጥቆ ሳለ፥ ሁለት የብረት ቀለበት፥ የአፈር መሰርሰሪያ፥ አካፋ፥ የጨው መለኪያና ብሪሊያንት ብሉ የሚባለውን የምግብ ቀለም ተሸክመን ሄድን። የአውቶቡሱ ረዳት ለቀለበቶቹ የሰው ሒሳብ አስከፍሎናል። ቀለበቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይተከላሉ፤ የውጭው ውሃ የውስጡን ውሃ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይጠብቀዋል፥ በውስጠኛው ውስጥ ውሃው በስንት ደቂቃ ስንት እንደሚወርድ ይለካል። የወጥ ጨው በውሃ አሟሙተን ልናፈስ ስንል ሽማግሌው እጃችንን ያዙ። «በማሳዬ ላይ ጨው? አይሆንም!» አሉ። መልካም አደረጉ። ጨው ዘር ያቃጥላል፥ የዋልካንም አፈር ያበላሻል። ከእርሻው ውጭ ባለው የመንገድ ዳር ቁራጭ መሬት ላይ ተስማማን፤ አፈሩ ያው ነውና።

ውሃው በቀለበቱ ውስጥ እንደ ፈሰሰ ጠፋ። ሰዓት የያዘው ጓደኛችን ቁጥር ለመጻፍ አልደረሰም። እንደገና አፈሰስን፥ እንደገና ጠፋ። በማግስቱ ጉድጓድ ቆፍረን የአፈሩን ግድግዳ በቢላዋ አለሰለስንና ተመለከትን። ስሌታችን ትክክል ቢሆን ኖሮ ሰማያዊው ቀለም ከላይ እንደ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ሆኖ መገኘት ነበረበት። ያየነው ግን በስንጥቆቹ ግድግዳ ላይ ብቻ ተቀብቶ ከአንድ ሜትር በታች የወረደ ሰማያዊ ሥር ነው። በስንጥቆቹ መካከል ያለው ድፍን አፈር ደርቆ እንደ ነበረ ነው። ጨው መለኪያውም ይህንኑ መሰከረ፤ ስሌቱ ሁለት ዓመት ይፈጃል ያለውን መንገድ ጨዉ በአንድ ሌሊት ሄዶታል።

ይህ እንግዳ ግኝት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ በ1870 ሳይነካ በተከለለ አፈር ሥር፥ በ50፥ በ100ና በ150 ሳንቲ ሜትር ግድም ጥልቀት፥ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበሉ ሦስት መለኪያዎች ተሠርተው ነበር። ሎዝ፥ ጊልበርትና ዋሪንግተን በ1882 ውጤቱን ሲጽፉ፥ ከአፈር የሚወጣው ውሃ ሁለት ዓይነት መሆኑን፥ አንዱ በክፍት መንገዶች ሳይለወጥ ቶሎ የሚወርደው ዝናብ፥ ሌላው ከጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀስ ብሎ የሚጨመቀው መሆኑን አስረድተዋል። መሬቱ ማዳበሪያ ሳይደረግበት፥ ዘርም ሳይዘራበት ለብዙ ዓመታት ናይትሬት ማውጣቱን አላቆመም። አንድ መቶ አርባ ዓመት ያለፈውን ነገር እኛ በገዛ ዓይናችን ለማየት ሸዋ ድረስ መሄድ አስፈልጎናል። ቢሆንም አልተጸጸትንም፤ በመጽሐፍ ያነበብነውን ቶሎ እንረሳለን፥ ያንን ሰማያዊ ሥር ግን አንረሳውም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ጉድጓዱን ዝጉ» ብለን በተመለስን ነበር። ነሐሴ ላይ ግን ደግመን ሄድን። ዋልካው ጠጥቶ አብጦ ስንጥቁ ሁሉ ተዘግቷል። በዚያው ቀለበት ያፈሰስነው ውሃ ረፋዱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሰማዩን ያሳየን ነበር። በግንቦት እንደ ወንፊት የነበረው መሬት በነሐሴ እንደ ምጣድ ሆነ። ይህም ሽማግሌው ለጠየቁት መልስ ሰጠን። ውሃ የተኛበት አፈር አየር የለውም፤ አየር ያጡት ጥቃቅን ሕዋሳት ደግሞ ኦክስጅኑን ከናይትሬት ላይ ይነጥቃሉ፥ የቀረውም ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ዋናው አደጋ ሁለት ጊዜ ነው። በክረምቱ መግቢያ ስንጥቁ ሳይዘጋ በላይ ላይ ያለው ሁሉ፥ የበረት እጣቢው ሳይቀር፥ ወደ ታች ሊሮጥ ይችላል። በክረምቱ መሀል ደግሞ በስንዴው ላይ የተበተነው ዩሪያ ከፊሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል።

ይህንን ለሽማግሌው በቻልነው አማርኛ አስረዳናቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ብድሩን የተበደርኩት ለነፋስ ነዋ!» አሉ። ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ምን ይደረግ ብለው ጠየቁን። ማዳበሪያውን በአንድ ጊዜ አይበትኑት፥ ከፋፍለው ሰብሉ ሥር ሲሰድ ይስጡት፤ ውሃውም እንዳይተኛ መደብ አውጥተው በፈሰስ ያጠንፍፉት አልን። «አባባ፥ ፈሰሱን ጠለቅ ቢያደርጉት» ስንላቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈሰሱን አባቴም ያወጣ ነበር። እናንተ የምትነግሩኝ እንዴት እንደሚወጣ ነው፤ እኔ የምጠይቃችሁ ወዴት እንደሚወጣ ነው። ከታች ያለው ሰውዬ የእኔን ውሃ ለምን ይቀበላል? አምና በዚህ ተጣልተን ሽማግሌ አስታርቆናል።» ምራታቸውን በሚመለከት ጉድጓዱ አፉ በድንጋይ ከፍ እንዲል፥ በረቱም ከጉድጓዱ በላይ ካለው ቦታ እንዲነሣ ተስማሙ። ከጉድጓዱ የቀዳነው ውሃ በመጀመሪያው ልኬት ከተወሰነው ልክ በታች ሆኖ መገኘቱን ስንነግራት ደስ አላት፤ ነገር ግን አንድ ልኬት የአንድ ቀን ወሬ መሆኑን አልደበቅናትም።

የሕግ ተማሪዎች ሆይ፥ ወደ እናንተ ይደርሳል ያልነው ይህ ነው። የአንዱ ፈሰስ የሌላው ጎርፍ ነው። የሚያዋስናቸው ድንበር በላይ ላይ ነው እንጂ በታች አጥር የለም። በላይኛው ማሳ የተበተነው በታችኛው ሰው ጉድጓድ ቢገኝ ባለዕዳው ማን ነው? በምን ልኬት ይመሰከርበታል? ይህንን እኛ ብቻችንን አንመልሰውም።

ሳይለኩ መሥራት የሚያመጣውን ደግሞ በአዋሽ ሸለቆ አይተናል። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ አካባቢ ለጥጥ የሚሆን ሰፊ መስኖ ሲጀመር የከርሰ ምድሩ ውሃ ጥልቅ ነበር። ከመስኖው የተረፈው ውሃ የሚወጣበት በቂ ማጠንፈፊያ ቦይ ስላልነበረው ግን እየተጠራቀመ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ተነሣ፤ ወደ ሥሩ ሲቀርብም እንደ ኩራዝ ክር በአፈሩ እየተሳበ በላይ ተንኖ ጨውን ጥሎ ሄደ። ጥጥ የነበረበት መሬት ከፊሉ ነጭ ሆኖ ተጣለ። ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። አንድ ሊትር የመስኖ ውሃ ግማሽ ግራም ጨው ብቻ ይዞ ቢመጣ፥ በዓመት አንድ ሜትር ውሃ የሚጠጣ አንድ ሄክታር መሬት 50 ኩንታል ጨው ይቀበላል። ጨው አይተንም። በታች ካላወጡት እዚያው ነው። መሬቱ ጨው የሆነበት ሰው ይህንን ሒሳብ የሠራለት ሰው ቢያገኝ ምን ያህል በጠቀመው!

ስለ ስሌት ክፉ የተናገርን እንዳይመስልባችሁ። ግማሽ ሜትር በዓመት ያለው ስሌታችን ስንጥቅ የሌለበትን አፈር ነው የመለሰልን፤ ለቀይ አፈር ብንጠይቀው ኖሮ ለእውነቱ በቀረበ ነበር። ዛሬ ስንጥቁንና ድፍኑን አፈር እንደ ሁለት መንገድ ለይተው የሚያሰሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ በአፈር ውስጥ ያለውንም ውሃ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚለኩ መሣሪያዎች ከ1980 ወዲህ እየተስፋፉ ሄደዋል። ውሃ ለኤሌክትሪክ ያለው ጠባይ 80 ያህል፥ የደረቅ አፈር ግን 4 ያህል ስለሆነ ልዩነቱ በቀላሉ ይታወቃል። የጎደለን ፕሮግራም አይደለም። ለፕሮግራሙ የሚሰጥ የገዛ አገራችን አፈር ቁጥር ነው። ቁጥሩ በሌለበት የሌላ አገር አሸዋ ቁጥር ይገባበታል፥ ውጤቱም በሚያምር ሥዕል ይወጣል፥ ማንም አይጠረጥረውም።

ቁጥር ያለበትም ቦታ ቢሆን ቁልፉ ከባድ ነው። የዚያን አካባቢ የአሥር ዓመት ዝናብ ልክ ለማግኘት ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዘን ስንመላለስ ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ያገኘነው የአራት ዓመት ሲሆን፥ ከዚያም ውስጥ የሐምሌ ወር የሁለት ዓመት ገጽ አልተገኘም። ዝናቡ ዘንቧል፥ አንድ ሰውም በብርድ ወጥቶ ለክቶታል፥ ወረቀቱ ግን በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። የመመረቂያ ጽሑፎቻችንም ዕጣ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ገበሬው ማሳውን ይሰጣል፥ እኛ ማዕርጉን እንወስዳለን፥ ቁጥሩ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በመስክ የለካነውን ቁጥር ሁሉ፥ ቦታውንና ቀኑን ጨምረን፥ ማንም ተማሪ ሊያየው በሚችል አንድ መዝገብ እንጻፍ፤ መዝገቡን ለመጀመር እኛ አምስታችን የዋልካውን ልኬት አቅርበናል። ሁለተኛ፥ ማሳ የተለካበት ገበሬ ውጤቱን በአማርኛ ወይም በሚናገረው ቋንቋ ሳይሰማ ጽሑፉ ተጠናቀቀ አይባል። ሦስተኛ፥ የሕግና የኅብረተሰብ ትምህርት ተማሪዎች ከእኛ ጋር አብረው ይውጡ።

የሚቀጥለው ጉዞ በመጪው ግንቦት መጨረሻ፥ ስንጥቁ ሳይዘጋ ነው። ስሙን ማስመዝገብ የሚፈልግ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ በለጠፍነው ወረቀት ላይ ይጻፍ። አካፋ አለን፤ ጫማ ግን የራሳችሁን አምጡ።